የቁልቁለቱ በጎ አድራጊ

አመተ ማርያም ከዳባት ገበያ ስትመለስ በተሳፈረችበት ሚኒባስ ገቢና ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ያየችው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። የደባርቁ ባለ ሆቴል ናቸው። መኪናቸው ጋራዥ ገብታ እንደ ሰው ሁሉ ተሳፍረዋል። ሦስት ጊዜ ቢሯቸው ድረስ ሄዳ፣ ሦስቴም "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብላ ተመልሳለች።

አመተ ማርያም የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ናት። አምና ሐምሌ ሰውየው በራሳቸው ወጪ በደባርቅ መግቢያ ባለው ጋራ ላይ የተራራ ብስክሌት መንገድ አስጠረጉ። ዳርና ዳሩን ለተፈጥሮ ጥበቃ ብለው ያስተከሉትን አራት መቶ የኮሶ ችግኝ ከዘሩ ጀምራ ያሳደገችው እሷ ነበረች። አሁን ደግሞ ሁለተኛ መንገድ ሊያስጠርጉ ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በወንድሟ በየሺዋስ ማሳ አናት ላይ። ፊት ለፊት እንዳትናገር ልጇ እየሩስ እንጀራዋን የምትበላው በሆቴላቸው ነው።

ደግነቱ አጠገቧ የተቀመጡት የድጓ መምህሩ የኔታ ቴዎፍሎስ ናቸው። የኔታ ጆሯቸው ይከብዳል። ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ ማንም አይታዘባትም።

"እንዴት ሰነበቱ፣ የኔታ? ጉባኤ ቤቱ፣ ተማሪዎቹ ደኅና ናቸው? ሰማዩን አዩልኝ? ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ሊገባ ነው መሰለኝ... ይግባ እንጂ! መንገድ ተጠርጎለት የለ?"

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔማ ሁልጊዜ የማስበው እኚያን ደግ ሰው ነው። ስም አልጠራም... ስም ምን ያደርጋል፣ ጋራው ላይ ያቆሙት ሰሌዳ ከሊማሊሞ ድረስ ይነበብ የለም? ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ ይል የለ ወንጌሉ? እርሳቸውም ቃሉን ጠብቀዋል። ግራ እጃቸው አልሰማም... የሰማነው እኛ፣ ቴሌቪዥኑና አገሩ ብቻ ነን።"

ገቢና የተቀመጠው አንገት ቀጥ አለ።

"የተከሉ ዕለትስ አይተዋቸዋል? ነጭ ሱፍ ለብሰው፣ ጭቃ ሳይነካቸው! ችግኟን እኮ ከነላስቲኳ ነው የቀበሯት... እንዳይበርዳት ብለው ይሆናል። እንዲህ የሚራራ ሰው ከየት ይገኛል? እኛ ነን እንጂ ጨካኞቹ፣ ላስቲኩን ቀደን ሥሯን የምናስበርዳት! ሠራተኞቻቸውም ጌታቸውን አይተው የቀረውን ሁሉ እንደዚያው ከነላስቲኩ ተከሉት። በበጋ ውሃ ያጠጣቸው የለም ብለው የሚያሙም አሉ... ሐሰት ነው! ፎቶ የተነሣ ችግኝ ውሃ ይጠማዋል እንዴ?"

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አመተ ማርያምን ግን በየካቲት ጀሪካን ተሸክማ ጋራውን ወጥታ፣ ደርቀው የቆሙትን አንድ በአንድ እየነካካች የተመለሰችበት ቀን ትዝ አላት። ድምፅዋን ጨምራ ቀጠለች።

"ብስክሌቱስ ቢሆን! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉን ነበር አባቶቻችን... ብስክሌት እያለለት በእግሩ ምን አደከመው? ወጣቱ ሽው ብሎ ሲወርድ ማየት ደስ ይላል። መንገዱም ልክ እንደ ልባቸው ቀጥ ያለ ነው፤ መዞር መጠምዘዝ አያውቅም። ውሃውም ወደደው መሰለኝ፣ ነሐሴ ላይ እሱም በዚያው ሽው አለ። አሁን ጥጃ የሚውጥ ቦይ ሆኗል... ስሜን ተራራ ገደል አንሶት ኖሯልና፣ ጨመሩልን! ሁለተኛው ደግሞ በወንድሜ በየሺዋስ ማሳ አናት ላይ ነው አሉ። ዕድለኛ! ማሳው በገዛ እግሩ ወንዝ ይወርድለትና ከማረስ ይገላገላል። አንዳንድ ሞኝ ግን አለ፣ መንገዱ ይጠማዘዝ፣ በየመዞሪያው የውሃ መቀልበሻ ይቆፈርለት የሚል... ሰባት ሰው በሦስት ቀን ይጨርሰዋል ይላሉ። እኔ ምን አውቃለሁ? ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ትልቅ ሰው ይታወካል?"

ጋራው ሥር ሲደርሱ ዝናቡ መንጠባጠብ ጀመረ።

"ወራጅ አለ" አሉ ባለ ሆቴሉ።

ረዳቱ ገረመው፤ ከተማው ገና ነው። ሾፌሩም ይመለሱ ይሆናል ብሎ ቆሞ ጠበቃቸው። ሰውየው ወርደው ቦዩ አፍ ላይ ቆሙ። የድፍርስ ውሃ ክር ከላይ እየተንኳለለ መጥቶ ጫማቸውን አለፈ። ጎንበስ ብለው አንድ የደረቀ ችግኝ ሳብ ቢያደርጉ ከነጥቁር ላስቲኩ እጃቸው ላይ ቀረ። ቆመው አዩት፤ ብዙ አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

"የነገው ሥራ ይቁም" ሲሉ በመስኮቱ ተሰማ። "መቀልበሻው ሳይቆፈር ማንም ዶማ እንዳያነሣ። የሺዋስ የሚባል ገበሬ አለ፣ እሱንም ጥሩት።"

አመተ ማርያም ሁሉንም ሰማች። የወንድሟ ማሳ ተረፈ። እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃ ነበር፤ ሰውየውም ዝናብ እየወረደባቸው ሲታዩ አሳዘኗት። ነገር ግን አራት መቶ ችግኝ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ዝም ይባላል? መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች። ፊቷ በፈገግታ በራ።

"ውይ፣ የኔ ጌታ! እርስዎ እዚህ ነበሩ እንዴ? አላየሁዎትም እኮ! ለአገር የሚደክሙትን ድካም አምላክ ይቁጠርልዎት... እንደ ተከሉት ችግኝ ያጽድቅዎት!"