የቲያው ወንዝና የኮሌጁ ወንበር

ማለዳ በበርማ ድንበር አጠገብ ያለው የቻምፋይ ሜዳ አይታይም። ጭጋጉ በሩዝ ማሳው ላይ ይተኛና ጉብታዎቹን ብቻ እንደ ደሴት አስቀርቶ አገሩን ነጭ ሐይቅ ያደርገዋል። ፑ ካፕልያና በመንገድ ዳር ዳስ ውስጥ ተቀምጠው መኪና ሲጠብቁ፣ መሬቱ ከሥራቸው ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስላቸው ነበር።

እኚህ አዛውንት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና የቻምፋይ ኮሌጅ ቦርድ አባል ናቸው። በዚያ ቀን ቦርዱ የሚመክረው ከበርማ ሸሽተው በመጡ ተማሪዎች ጉዳይ ነበር። አዲሱ የድንበር ደንብ ከወጣ ወዲህ ሁለቱን አገሮች የሚለየውን የቲያውን ወንዝ ያለ ይለፍ ወረቀት መሻገር ተከልክሏል። ፑ ካፕልያናም ልባቸው ቆርጧል፦ ከአገሩ መንግሥት ወረቀት የማያመጣ ተማሪ ይሰናበት።

ከጭጋጉ ውስጥ አንዲት ልጃገረድ መጻሕፍቷን ታቅፋ ብቅ አለች።

«እንደምን አደሩ፣ አያቴ? መኪናው አምልጦኝ ይሆን?»

«በዚህ ጭጋግ የሚደፍር ሹፌር የት አለ ልጄ? ቁጭ በይ። አነጋገርሽ የማዶ ይመስላል።»

«የፋላም ልጅ ነኝ። ሱይ ፓር እባላለሁ። እዚህ ኮሌጅ ሒሳብ እማራለሁ። ወይስ እማር ነበር ልበል? ዛሬ ትልልቆቹ ሰዎች ይፈርዱብናል።»

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንነታቸውን ግን አልተናገሩም።

«ሕግ ይከበር ቢሉ ምን ክፋት አለው? ደንቡ ወጥቷል። ወረቀትሽን አምጪና ተማሪ።»

«ወረቀቱን የሚሰጠው መንደራችንን ያቃጠለው መኮንን ነው፣ አያቴ። ልጠይቀው ብሄድ የምመለስ ይመስልዎታል?»

«እኔ እንኳ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ አዛውንቱ። «ስትመጡ ሩዝ ሰጥቻለሁ፣ ብርድ ልብስ ሰጥቻለሁ። ትምህርት ግን ሌላ ነገር ነው። ከራስ በላይ ነፋስ! የራሳችን ልጆች ወንበር ሲያጡ ዝም እንበል?»

ልጅቷ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፍላችን ገብተው ቢያዩ እኮ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ልጆቻችሁ ወደ አይዞል ከተማና ወደ ዴልሂ ሄደዋል። እኛም ከወጣን መምህሩ ለግድግዳ ሊያስተምር ነው? የሒሳብ ክፍሉ ይዘጋል። የቀሩት ጥቂት ልጆቻችሁም እንደኛው ሜዳ ላይ ይወድቃሉ።»

ፑ ካፕልያና ይህን አላሰቡትም ነበር። ቢሆንም ሽማግሌ በአንድ ቃል አይሸነፍምና «ደንቡስ?» አሉ።

«ደንቡን አንብበውታል?»

«ሲወራ ሰምቻለሁ።»

«እኔ አንብቤዋለሁ፤ ቅጂውም ከመጻሕፍቴ መካከል አለ። ወንዙን ስለሚሻገር ሰው ይናገራል። ክፍል ውስጥ ስለተቀመጠ ተማሪ ግን አንድ ቃል የለበትም። ያንን የጨመረው የሰው ፍርሃት ነው። ጓደኛዬ ኒ ሁንግ ውሳኔውን መጠበቅ አቅቷት ከደላሎች ጋር ወደ ማሌዥያ ሄደች። ድምፅዋን ከሰማን ቆየን።»

ጭጋጉ ወደ ዳሱ ገብቶ እግራቸውን ሸፈነው።

«አዩት? እሱም ያለ ይለፍ ነው የተሻገረው» አለች ልጅቷ።

አዛውንቱ ሳያስቡት ሳቁ። «አፍሽ እንደ ምላጭ ነው! የሪህን ሐይቅስ ታውቂዋለሽ?»

«የእናንተ የሚዞ ሕዝብ ትልቁ ሐይቅ የት ነው ቢባል፣ ከወንዙ ማዶ እኛ አገር ነው!»

«እውነት ነው። የጥንት አባቶቻችን የሙታን ነፍስ በዚያ ሐይቅ በኩል ታልፋለች ይሉ ነበር።»

«ታዲያ ነፍስም ይለፍ ልታወጣ ነው? እርስዎስ ማዶ ሄደው ያውቃሉ?»

«የገዛ መንግሥታችን አይዞልን በአውሮፕላን በደበደበ ዓመት ሸሽተን ወደ ማዶ ተሻገርን። ገና ሕፃን ነበርኩ።»

ከዚህ በኋላ ለልጅቷ ሳይሆን ለጭጋጉ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። የቀርከሃ ትምህርት ቤት ታያቸው። ጣሪያው ያፈሳል። ቀጭን መምህር አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ልጆች በእጁ እየገፋ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» ይላል። ለእሳቸው የምትበቃ ቦታ ተገኘች።

«ስሜን ጠየቀኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው።»

የመኪና ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ። አዛውንቱ ተነሡና «ከሚፈርዱባችሁ አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። ልጅቷ ደንግጣ ስትነሣ «የተናገርሽውን አትመልሺው፤ ደንብሽን ብቻ አውሺኝ» አሏት።

በጉባኤው ላይ ፑ ካፕልያና ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብለው አነበቡ።

«ስለ ክፍል የሚናገረውን ቃል ያያችሁ አሳዩኝ።»

የሚያሳይ ጠፋ። ሰብሳቢው ግን «መንግሥት ቢቆጣንስ?» አለ።

«የምንደብቀው ከሌለ ምን ያስፈራናል? ስማቸውን በግልጽ እናስታውቅ፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ዋስ ትሁን፣ ለወረቀታቸውም እኛው ለመንግሥታችን እናመልክት። ያባረርነው ተማሪ በሰላም አገሩ የሚገባ መሰላችሁ? ወይ ደላላ ይወስደዋል፣ ወይ ሥራ ፈትቶ ደጃችን ይቀመጣል። ያስተማርነው ግን ለእኛም ይተርፋል፤ አገሩ ሰላም ሲሆን ደግሞ ወዳጅ ጎረቤት ይሆነናል።»

ክርክሩ እስከ ቀትር ዘለቀ። በመጨረሻ ተማሪዎቹ እንዲቀጥሉ ተወሰነ።

አዛውንቱ የተናገሩት አልቀረም። የሒሳብ ክፍሉ ከመዘጋት ዳነ፤ የአገሬው ልጆችም ከደጃቸው ሳይርቁ ተመረቁ። ሱይ ፓር ትምህርቷን ስትጨርስ፣ መምህር አጥተው በቆዩት የኮረብታ መንደሮች በአንዱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገባች። ከዓመታት በኋላ ከዚያ መንደር አንድ ገበሬ ወደ ፑ ካፕልያና እየገሰገሰ መጣ።

«ያቺ የማዶዋ መምህርት ልጄን በሒሳብ ጣለችው! ይፍረዱኝ!»

«እሷማ የእኛው ናት» አሉ አዛውንቱ። «ልጅህ ግን ያጥና።»