ጤፉ ውስጥ ያለው ችካል

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ተቀምጠው ያወራሉ።

«የአዲስ አበባው አውሮፕላን ማረፊያ ሊዛወር ነው አሉ?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ አባቴ፣ ቦሌ ጠበበ። ትልቁን ቢሾፍቱ አካባቢ ሊሠሩት ነው።»

«ቦሌስ ከጥንቱም እዚያው ነበር?»

«የለም፣ ድሮ ልደታ ነበር። ሜዳው ለትልልቆቹ አውሮፕላኖች አልበቃ ሲል ነው ወደ ቦሌ የሄደው።»

«ቦሌ ያን ጊዜ ምን ነበር?»

«እርሻ ነበር ይባላል።»

«ቢሾፍቱስ?»

«እሱም... ያው እርሻ ነው።»

«አየህ! ጠበበን ባሉ ቁጥር የሚስፋፉት ወደ ገበሬው ነው።»

«ካሳ ይሰጣል እኮ። ደግሞ እናንተ ጋ ማን ይደርሳል? ሩቅ ናችሁ።»

«ታዲያ ጤፌ መሀል ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ማን ተከለብኝ?»

«የመንገድ ወይ የመብራት ይሆናላ! እርስዎ ምን አደረጉት?»

«ነቅዬ ደጄ ተከልሁት፤ ጥጃ አስሬበታለሁ።»

«ኧረ አባቴ! ተመልሰው ይመጣሉ እኮ!»

«ይምጡ። መልካቸውን ማየት ነው የፈለግሁት።»

ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎቼን የያዘውን ጆንያ ቀስ ብዬ በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።