ዓሣዬን ያተረፈ ውሃ

ዓሣ ያረባ ሰው ይፍረደኝ! በደርግ ጊዜ ጀጎል ውስጥ ተከራይቼ ሳስተምር፣ ከአለማያ ሐይቅ ያመጣኋቸውን ዓሦች በመስታወት ሣጥን አስቀምጥ ነበር። ውሃቸውን በየጠዋቱ ከቧንቧ ብለውጥላቸውም አንድ በአንድ አለቁብኝ። አንድ ቀን ቀትር ላይ የመጨረሻው በጎኑ ተጋድሞ ሲያጣጥር፣ አሮጊቷ አከራዬ አዴ ፋጡማ እንስራቸውን ይዘው ገቡ።

«ጽዳት አብዝተህ ፈጀሃቸው! የቧንቧ ውሃ መድኃኒት አለው፤ እኛ እንኳ ሳናሳድረው አንጠጣም» ብለው የእኔን ውሃ አስደፍተው በእንስራቸው ያደረውን ገለበጡልኝ። ዓሣው ቀስ በቀስ ቀና አለ። እኔ መምህሩ አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ግን ለሶላት ሲዘጋጁ እጅና ፊታቸውን በደረቅ አፈር ሲያብሱ አየኋቸው። ለካ ቧንቧው ከረፋድ ጀምሮ ተቋርጧል፤ በቤት የነበራቸው ውሃ ያ የእንስራው ብቻ ነበር።

«ምነው አዴ፣ ለእኔ ዓሣ ብለው?» አልኳቸው።

«ለሶላቱ አላህ አፈር ፈቅዶልኛል፤ ለዓሣው ግን ከውሃ ሌላ አልሰጠውም» አሉኝ።