የማማው ሰው ሁለት እጆች

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን፣ ከቤቴ ግድግዳ ጋር መፋጠጥ ሲሰለቸኝ፣ ከከተማው ወጥቼ ወደ ደኑ አቀናሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ሸንተረርና ስለ ሸለቆ ሃያ ዓመት ሳስተምር፣ በእግሬ የወጣሁት ሸንተረር ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ከሸንተረሩ ጫፍ ላይ በአራት የብረት እግሮች የቆመ የእሳት መጠበቂያ ማማ አለ። ስቃረብ አንድ ሰው በመስኮት የርቀት መነጽር ወደ እኔ ደግኖ ሲመለከተኝ አየሁ። እጄን አነሣሁ። መልስ የለም። ባርኔጣዬን አውልቄ አውለበለብኩ። አሁንም መልስ የለም። ኩራተኛ ሰው ነው ብዬ ልመለስ ስል ሰማዩ አጉረመረመ፤ ጥቂት ጠብታዎችም አንገቴ ላይ አረፉ። ሳልወድ ደረጃውን ተያያዝኩት።

ማማው አንድ ክፍል ነው፤ አራቱም ጎኑ መስኮት፣ ዙሪያውን ጠባብ ሰገነት። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ወንበር። መሐል ላይ ዲግሪ የተቀረጸበት ክብ የናስ ገበታ ቆሟል፤ በላዩ ጠቋሚ ዘንግ ይሽከረከራል። ጠባቂው ጭስ ሲያይ ጠቋሚውን ወደ ጭሱ ያዞራል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ከዚያ በሬዲዮ ለማዕከሉ ይናገራል። ሥራው ይኸው ነው።

«ይግቡ፣ ይግቡ!» አሉኝ አንድ ቀጠን ያሉ አዛውንት። «ሰላምታዎን አይቻለሁ። እጆቼ ተይዘው ስለነበር ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።»

ወለሉ ላይ ሬዲዮ ፈታ የተቀመጠች ወጣት ሴት ቀና ብላ፣ «እኔንም እንደዚሁ ነው የተቀበሉኝ» አለች። «ከታች ሆኜ ስጮኽ ስጮኽ ድምፄ ተዘጋ። ማዕከሉ ውስጥ አባ ጭሶ ነው የሚሏቸው። ጭስ ካልሆኑ አያዩም ማለት ነው መሰለኝ።»

«ዝም በይ አንቺ፣ ባትሪሽን ቀይሪ» አሉ አዛውንቱ፤ ፊታቸው ግን ፈገግ ብሏል። ሬዲዮ ጠጋኟ በዓመት ሁለቴ ትመጣለች። ከእሷ ሌላ ደረጃውን የሚወጣ ሰው እንደሌለ በኋላ ሰማሁ።

ሻይ ቀዱልን። የእኔና የእሷ ኩባያ ሙሉ፣ የራሳቸው ግን እስከ ግማሽ ብቻ ነው። ይኼን ልብ ባልኩ ጊዜ ሌላም ነገር ታየኝ። የሦስቱ መስኮቶች ደፍ አረንጓዴ ቀለም እንደተቀባ አለ። የምሥራቁ ደፍ ብቻ በሁለት ቦታ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል፤ ሁለት ክርን የሚያህል ጉድጓድ ሠርቷል።

«ምሥራቁን ነው የሚወዱት?» አልኳቸው።

መልስ ሳይሰጡኝ ልጅቷ መልሳ የገጠመችው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። ተጠግተው፣ «ማማ ሦስት። ሁሉም ደህና ነው» አሉ። አንድ የወጣት ድምፅ፣ «ተቀብያለሁ» አለና ጠፋ።

«በየሰዓቱ ነው» አሉኝ። «ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ደህና ነኝ የምለው ለዚህ ልጅ ብቻ ነው። መልኩን አላውቀውም።»

ሬዲዮ ጠጋኟ ካቻቢቴዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ የመምህሩን ጥያቄ አልመለሱም። አልጋዎ ከምሥራቁ መስኮት አጠገብ አይደለ፣ ወንበርዎም አይደለ። ለምን ሁልጊዜ ምሥራቅ?»

«ልማድ ነው።»

«ክርንዎን ካላስደገፉ መነጽሩ ይንቀጠቀጥብዎታል። ክርን የሚያስደግፍ ሰፊ ደፍ ያለው ምሥራቁ ብቻ ነው፤ የተለጠውም እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምዕራቡን አያዩም።»

አዛውንቱ ኩባያቸውን ለማስቀመጥ ሞከሩ። ሸክላው ከናሱ ገበታ ጋር ተንቀጫቀጨ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረምና ሦስታችንም ሰማነው።

ሰው ድክመቱን የሚደብቅበት ጥበብ ይገርመኛል። ግማሽ ሻይ፣ አንድ መስኮት፣ ያልተመለሰ ሰላምታ፤ እኚህ ሰው ቀናቸውን ሁሉ በዚህ ዙሪያ ሰፍተውት ኖሯል።

«እሺ» አሉ። «ነገሩን ካወቃችሁት ሙሉውን እወቁት። ከዐሥር ቀን በፊት በምዕራብ ጭስ አየሁ። መነጽሩን አንሥቼ አገኘሁት። ጠቋሚውን ላዞር መነጽሩን አስቀመጥኩ። ተመልሼ ሳነሣው ጭሱ ጠፋኝ። ሸንተረሩ ሁሉ አንድ ሆነብኝ፤ ሁለተኛው ይሁን ሦስተኛው አላወቅሁም። ሁለተኛው ነው አልኩ። ሦስተኛው ነበር። የእሳት ቡድኑ በማይሆን ሸለቆ ሁለት ሰዓት ተንከራተተ። እዚህ ቆሜ ሲተከል ያየሁት ችግኝ በሙሉ ነደደ።»

«ለማዕከሉ ምን አሉ?» አልኩ።

«ጭጋግ ነበር አልኩ።» መሬት መሬት አዩ። «ቡድኑ ዘገየ ተብሎ አለቃው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። እውነቱን ብናገር ውረድ ይሉኛል። ከወረድኩ ደግሞ ለማን ነው በየሰዓቱ ደህና ነኝ የምለው?»

እኔም ከዚያ ከዝምተኛ ቤቴ ሸሽቼ የመጣሁ ሰው ነኝ።

ሬዲዮ ጠጋኟ ግን ተነሥታ ከቦርሳዋ አንድ የፕላስቲክ የራስ ቀበቶ አወጣች። በያጆች ፊታቸውን ከብልጭታ የሚከላከሉበት ጭንብል የሚንጠለጠልበት ነው፤ ጭንብሉ ወልቋል። ግንባሩ ላይ ወደ ላይ የሚያነሣና ወደ ታች የሚያወርድ ማጠፊያ አለው።

«የወንድሜ ነው። በያጅ ነው» አለች። «ማማ ላይ ስወጣ ባትሪ መብራቴን እዚህ ላይ አስሬ ነው የምሠራው። መነጽርዎን ብናስርበትስ?»

«ጭንቅላቴ ላይ?»

«ጭንቅላትዎ ላይ። ሁለቱም እጅዎ ነፃ ይሆናል። አንዱ ጠቋሚውን ያዞራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ አፍዎ ይናገራል። ዓይንዎ ከጭሱ አይነሣም።»

«በዚህ ዕድሜዬ ልጓም እንደገባለት ፈረስ ልሁን? ሰው ምን ይለኛል?»

«የትኛው ሰው አባባ? እዚህ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ» አሉ አዛውንቱ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ቀስ ብላ፣ «የንባብ መነጽርዎን በእጅዎ ይዘው ነው የሚያነቡት?» አለች።

«እሱማ ጆሮ ላይ ይሰካል።»

«የመጀመሪያው ሰው ሲሰካው ግን ሳይሳቅበት አልቀረም። ወንድሜም ጭንብሉን በአንድ እጁ ይዞ በአንድ እጁ ነበር የሚበይደው። ጎበዝ ነኝ ባይ ነው። አንድ ቀን ብረቱን የሚደግፍ እጅ አጥቶ ጭኑ ላይ ወደቀበት። ዛሬ ራሱ ላይ ያስራል። ጉብዝናው አልቀነሰም፤ ጠባሳው ብቻ ነው የቀረው።»

«ወንድምሽ እጁ አይንቀጠቀጥም።»

«እንግዲያማ እርስዎ ከእሱ ይብስ ያስፈልግዎታል!»

በዚህ ጊዜ እኔ ጣልቃ ገባሁ። «አባቴ፣ ሥራዎ ማየት ነው ወይስ መያዝ?» አልኳቸው። «ክፍል ውስጥ ካርታውን በእጄ ይዤ ሳስተምር ለዓመታት ክንዴ ይዝል ነበር፤ በመጨረሻ አንድ ተማሪ ሚስማር መታልኝ። ሚስማሩ መምህርነቴን አልወሰደብኝም።»

ቀበቶውን አተኩረው አዩት። ከዚያ በውስጣቸው ያለው የሥራ ሰው ከኩሩው ሰው ቀድሞ ተናገረ። «ከፊት ይከብዳል» አሉ። «መነጽሩ አንገቴን ወደ መሬት ይጎትተዋል። አንድ ሰዓት አልቆይበትም።»

ልጅቷ መነጽሩን በላስቲክና በሁለት ብሎን አሰረችው፤ ራሷ ላይ አጠለቀችው። ወዲያው አገጯ ደረቷን ነካ። «እውነትዎን ነው» አለች ተሸማቅቃ። «ይኼን አላሰብኩትም።»

የአዛውንቱ ፊት ያን ጊዜ በራ። ጠፍቶባቸው የነበረው ነገር የሰው ስሕተት የማረም ዕድል ሳይሆን አይቀርም። ከሬዲዮው የወጣውን የሞተ ባትሪ አነሡ፣ ካልሲ ውስጥ ከተቱት፣ ከቀበቶው ኋላ አንጠለጠሉት። «ከፊት የሚጎትት ካለ ከኋላ የሚይዝ ያስፈልጋል» አሉ። «ደግሞ ማጠፊያውን ጠበቅ አድርጊው፤ ደረጃ ስወርድ ወደ ላይ ገልብጬው እንዲቆምልኝ። ዓይኔ ላይ አድርጌው ከተራመድኩ ሩቁን እያየሁ ቅርቡ ላይ እሰበራለሁ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እርስዎ ከእኔ ይሻላሉ!» አለች።

«የእኔን ነው እንጂ ግንባር ያደረግሽው» አሉና አጠለቁት።

ወደ ምዕራቡ መስኮት ሄዱ። ክርናቸውን የሚያስደግፉበት ፈልገው እጃቸው በአየር ላይ ትንሽ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ወደ ጎናቸው ወረደ። እጆቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ራሳቸው ግን ጸጥ ብሏል። ረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ችግኞቹ የነበሩበት ቦታ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጥቁር ነው። እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር።»

ዝናቡ ሳይበረታ አልፎ ነበር፤ የነጎድጓዱ ድምፅ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። ልጅቷ ዕቃዋን መሰብሰብ ስትጀምር አዛውንቱ በድንገት፣ «ጭስ» አሉ።

ወደ ገበታው ሳይዞሩ፣ ፊታቸውን ከምዕራብ ሳያነሡ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ከገበታው ማዶ ቆሙ። ግራ እጃቸው ጠቋሚውን ፈለገችና ያዘች። ዘንጉ እንደ ቀጭን ጥላ ከጭሱ ጋር እስኪገጥም አዞሩት። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ናሱ ከባድ ነውና ጠቋሚው አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ መነጽሩን ወደ ላይ ገለበጡ፣ ቁጥሩን አነበቡ፣ ሬዲዮውን ጨበጡ።

«ማማ ሦስት። ጭስ። ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ዲግሪ፣ ሦስተኛው ሸንተረር። መብረቅ ሳይሆን አይቀርም። በቦታው ግን እርግጠኛ ነኝ።»

«ተቀብያለሁ። ቡድኑ ተነሥቷል።»

ሬዲዮውን አልለቀቁትም። ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማዕከል» አሉ፤ «ሌላም አለ። ያለፈው ጊዜ ጭጋግ አልነበረም። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ቦታው ጠፋኝና ገመትኩ። የቡድኑ አለቃ ጥፋት የለበትም። ደብዳቤው ይነሣለት። ይኼንንም መዝግብ።»

ከዚያ ያ ድምፅ፣ «ተቀብያለሁ» አለ። ጠፋ ስንል ተመለሰ። «አባባ... ዛሬስ እጅዎ እንዴት ነው?»

አዛውንቱ እጃቸውን ቁልቁል አዩ። በስንት ዓመት አንድ ጥያቄ መጣላቸው።

«ነፃ ነው» አሉ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቡድኑ እሳቱን ገና ከአንድ ዛፍ ሳያልፍ እንደደረሰበት ሰማን። አዛውንቱን ከሥራው ያነሡዋቸው ይሆን? አላውቅም። በድካማቸው ማዘን ግን ለማንም አይጠቅምም። በእጅ የሚያዝ መነጽር ሰውየውን መነጽር ተሸካሚ ያደርገዋል፤ በራስ ላይ የታሰረ መነጽር ደግሞ ሰውየውን ጠባቂ አድርጎ ይተወዋል። ዓይን ካየው ሳይላቀቅ እጅ ይሠራል፤ አራቱም መስኮት እኩል ይታያል፤ የተዳከመ እጅ ያላቸው አሮጊትና ሽማግሌ ያካበቱት ዕውቀት አብሮ አይጣልም። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው የበያጅ ቀበቶ፣ ሁለት ብሎንና ካልሲ ውስጥ የገባ የሞተ ባትሪ ነው። ከሁሉ የከበደው ግን «አልችልም» ብሎ ለሰው መናገሩ ነበር።

ሬዲዮ ጠጋኟ በሞተር ብስክሌቷ ቀደመችኝ። እኔ ብቻዬን በእግሬ ወረድኩ። ከደኑ መውጫ ላይ ዞር ስል ማማው ከሰማዩ በታች አንሶ ይታያል። ቤቴ የሚጠብቀኝ ማንም እንደሌለ ትዝ አለኝ፤ ትንሽ ቆምኩ። ምናልባት ያዩኝ ይሆናል ብዬ ባርኔጣዬን አነሣሁ።

ከሰገነቱ ላይ አንድ ቀጭን ሰው፣ ፊቱን ወደ እኔ እንዳቀና፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አውለበለበ።