የታሄይን ጋሪ የገፋው ማን ነው?

በኢዙሞ ተራሮች ሥር ባለችው መንደራችን በሐኪምነት ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ከሥጋ በሽታ ይልቅ የሐሳብ በሽታ መድኃኒት እንደሚያስቸግር ያወቅሁትም እዚሁ ነው። አንዱ ሲድን ግን በዓይኔ አይቻለሁና ልንገራችሁ።

ወሩ የመኸር ነበር። ከላይኛው መንደር በሽተኛ አይቼ ቁልቁል ስወርድ፣ ከቀርከሃው ጫካ አጠገብ ባለው ጠባብ መታጠፊያ አንድ የፈረስ ጋሪ ተገልብጦ አገኘሁ። የከሰል ኬሻ መንገዱን ሞልቶታል፤ የብረት ዘንግ ቦዩ ውስጥ ተበትኗል። ባለጋሪው ሽማግሌ ታሄይ ትከሻቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የወንድማቸው ልጅ ሂሳኖ፣ ከማትሱኤ ከተማ የመምህራን ትምህርት ቤት ተመርቃ የመንደራችንን ልጆች የምታስተምረው፣ ከሥራ ስትመለስ ደርሳባቸው የኪሞኖዋን እጅጌ ጠቅልላ ኬሻ ታነሳለች።

ትከሻቸውን ዳሰስኩት። አልተሰበረም።

«እንኳን ተረፉ» አልኳቸው።

«ምኑን ተረፍኩት ዶክተር! ያቺ ቀበሮ ገደል ሳትከተኝ አትተወኝም» አሉና በአገጫቸው ወደ መታጠፊያው ውስጠኛ ጎን፣ ወደ ቶሜ ጎጆ ጠቆሙ።

በአገራችን አንዳንድ ቤተሰብ የማትታይ ቀበሮ አለችው፣ በጠላውም ሰው ላይ ይልካታል ይባላል። ከእንዲህ ያለ ቤት ሰው አያገባም፤ ደጁንም አይረግጥም። ባሏ የሞተባት ቶሜና ሴት ልጇ ኢኖ ይህ ስም ወጥቶባቸዋል። የታሄይ አንድ ልጅ ሳኪቺ ደግሞ «ከኢኖ ሌላ አላገባም» ብሏል። አባቱ እንቢ ስላሉት ኦሳካ ሄጄ ፋብሪካ እቀጠራለሁ ብሎ ጓዙን እየሸከፈ ነበር።

ሂሳኖ ኬሻውን አስቀምጣ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አጎቴ፣ ቀበሮዋን አይተዋታል?»

«የማትታየዋን እንዴት አያታለሁ? ግን ገፍታኛለች! እዚህ ስደርስ ከቶሜ ቤት በኩል ወደ ገደሉ ስትገፋኝ በዚህ ደረቴ ተሰምቶኛል። ውሸት ነው ልትይኝ ነው?»

«አልልም። እንደተገፉ እንደተሰማዎት አምናለሁ። የማላምነው ገፊውን ነው።»

ይህን አነጋገሯን ወደድኩት። ብዙ የተማሩ ልጆቻችን የሽማግሌ ቃል ሲሰሙ መጀመሪያ ይስቃሉ። የተሳቀበት ሰው ደግሞ ጆሮው ይደፈናል።

«መቼ ነው የጀመረችዎት?» ስትል ጠየቀች።

«ፈረሱን የገዛሁ ዓመት። የቶሜ ባል ያን ጊዜ ሞተ፤ እኔ ቀብር አልሄድኩም። ቂም ያዘችብኝ።»

«ከፈረሱ በፊትስ በምን ይጭኑ ነበር?»

«በበሬ ነዋ! አባቴም በበሬ ነው የጫነው። አንድ ቀን ተገልብጠን አናውቅም።»

«በሬው ይህን ቁልቁለት እንዴት ነበር የሚወርደው?»

«እንዴት ይወርዳል? እንደ በሬ ነዋ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው ገላመጡኝ።

«አጎቴ፣ የሚሄድ ነገር ሁሉ የሚያዞረው ከሌለ በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል» አለች ሂሳኖ። «ይህ ሕግ ነው። ፈረሱን ልጓሙ ያዞረዋል፤ ጋሪውን ፈረሱ ያዞረዋል። የእርስዎ ገላ ግን ገና ቀጥ ብዬ ልሂድ ይላል። ጋሪው ከሥርዎ ሲታጠፍ ወደ ውጭ የተገፉ ይመስልዎታል። ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ይብሳል። በሬው ስለሚያዘግም አይታወቅዎትም ነበር።»

«ሰው ሁሉ ጠማማ ሲለኝ ኖሮ ዛሬ ቀጥ ያልኩት እኔ ነኝ በይኛ!» አሉ ታሄይ። እሷም ሳቀች።

«ጭነቱስ? ብረቱን የት አድርገው ነበር?»

«ከከሰሉ በላይ። ነጋዴው መጀመሪያ የሚያወርደው ብረቱን ነው።»

«ወጣት ሳሉ ሱሞ ይታገሉ ነበር አይደል? ታጋይ ለምንድን ነው እግሩን ከፍቶ ዝቅ የሚለው?»

«ቀጥ ብሎ የቆመውንማ ሕፃንም ይጥለዋል።»

«ጋሪም እንደዚያው ነው። ክብደቱ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ የስበት ማዕከል ይባላል። ከሰል ቀላል፣ ብረት ከባድ። ብረቱን ከላይ ሲያደርጉት ጋሪዎን በእግር ጣቱ አቆሙት ማለት ነው።»

 ታሄይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የመጽሐፍ ወሬ ነው። አባቶቻችን ስለ ቀበሮ የተናገሩት በከንቱ አይደለም።»

«እንግዲያው መጽሐፉን እንተወውና መንገዱን እንጠይቀው» አለች። «ከታች የመንደሩ ጠባቂ አምላክ መቅደስ አለ። እዚያ ቀበሮዋ ትደርሳለች?»

«ትሞታለች እንጂ አትደርስም!»

«እዚያም መታጠፊያ አለ። ባዶውን ጋሪ በዚሁ ፍጥነት እንንዳው።»

ጋሪውን ተጋግዘን አቃናነው። እኔም ነገሩ ስለገረመኝ አብሬያቸው ጋሪው ላይ ወጣሁ። መቅደሱ ያለበት መታጠፊያ የሚዞረው ወደ ሌላው ጎን ነው፤ መቅደሱም እንደ ቶሜ ጎጆ በውስጠኛው ጎን ነው። ታሄይ ልጓሙን ለቀቅ አድርገው ፈረሱን አስሮጡት። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ሽማግሌው ወደ ውጭ ተወርውረው ከጋሪው ጠርዝ ጋር ተላተሙ፤ እኔ ደግሞ በሳቸው ላይ ወደቅሁ። ልጓሙን ስበው አቆሙት።

«ዶክተር፣ እርስዎንም?»

«እኔንም።»

የመቅደሱን ቀይ በር አሻግረው አዩ። «እንግዲህ ጠባቂያችን ገፋኝ ልበል?» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም ለራሳቸው መለሱ፦ «አልልም። ነውር ነው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። ታሄይም ፈረሱንና አጫጫናቸውን ትተው አንዲት መበለት ሲከሱ ኖረዋል።

በማግስቱ ብረቱን ከታች፣ ከሰሉን ከላይ ጫኑ። ቁልቁለቱን ከፈረሱ ጎን በእግራቸው፣ ልጓም ይዘው ወረዱ። ሂሳኖና እኔ ከኋላ ተከተልን። ጋሪው መታጠፊያውን ዝንፍ ሳይል አለፈ። ቶሜ ደጃፏ ላይ ዳይኮን የሚባለውን ረጅም ነጭ የሥር አትክልት ታጥብ ነበር። የጋሪውን ድምፅ ስትሰማ ዳይኮኑን ጥላ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ በሩንም ዘጋች። ታሄይ ፈረሱን አቆሙ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ትሸሻለች እንዴ?» አሉ።

«ጋሪዎ ቢገለበጥ ቀበሮዋ ናት እንዳይሏት» አለች ሂሳኖ።

ሽማግሌው የገለባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከበሩ ፊት ጎንበስ አሉና እንዲህ አሉ፦

«ቶሜ፣ ታሄይ ነኝ። ጥፋቱ የአነዳዴና የአጫጫኔ ነበር። ያንቺ አይደለም። በሰው ፊት የከሰስኩሽን በሰው ፊት እመልሳለሁ።»

 በሩ ጥቂት ተከፈተ። ቶሜ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች።

«ይግቡ» አለች። «እንግዳ ስለማይመጣ ምንጣፉ አልተዘረጋም።»

«መሬቱም ይበቃል» ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

ሳኪቺ ኦሳካ አልሄደም። ቼሪው ሲያብብ ኢኖን አገባ፤ አባቱም በሠርገኛው ሁሉ ፊት ክሳቸውን መልሰው ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ የመንደራችን ባለጋሪዎች ከባዱን ከታች ይጭናሉ፣ ከመታጠፊያው በፊትም ያዘግማሉ። የተሰበረ አጥንት ለማሰር የምጠራበት ቀን አነሰ። ሐሜቱ ፈጽሞ ጠፋ ብዬ ግን አልዋሻችሁም፤ ከቶሜ ቤት ርቀው የሚያልፉ ዛሬም አሉ።

ወዳጆቼ ሆይ፣ የተፈጥሮን ሕግ መማር ለፈተና ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ። ጋሪ የሚገለበጥበትን ምክንያት ያወቀ ሰው ንብረቱንም አጥንቱንም ያድናል። ከዚህም የሚበልጠው ግን ባልንጀራውን በማያውቀው ነገር አለመክሰሱ ነው። አሁን ቶሜ ጋሪ ስትሰማ ቀና ብላ ታያለች፤ ባለጋሪውም ሰላም ይላታል።