ቀን የሚሳሳተው ተቆጣጣሪ

እስቲ አንዴ ጸጥታ! ብርጭቆ ያላችሁ ያዙ፤ የሌላችሁ ከጎናችሁ ካለው ተሻሙ። በዚህ የጡረታ ሽኝት ላይ ከላቦራቶሪ ክፍል እኔ እንድናገር ተመርጫለሁ፤ የመረጡኝ ሰዎች አሁኑኑ ይጸጸታሉ።

ጋሽ ቀጠሮ እዚህ መሥሪያ ቤት የመጣ ቀን እኔ ገና ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ። ማክሰኞ ሥራ ጀምር የተባለው ሰውዬ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ተገኘ። ጥበቃው ቧንቧ ሠሪ ሲጠብቅ ስለነበር፣ “ምነው እስካሁን!” ብሎ ተቆጥቶ ቀጥታ ሽንት ቤት አስገባው። ሰውየውም እጅጌውን ሰበሰበ። ቧንቧውን ሠራ፣ እጁን ታጠበ፣ ኃላፊው ቢሮ ገባና፣ “አዲሱ የውሃ ብክለት ተቆጣጣሪ ነኝ። አንዱን ፍሳሽ አቁሜዋለሁ፣ የቀረውን አሳዩኝ” አለ። ያ ቧንቧ እስከ ዛሬ ጠብ አላለም። የቀረውን ግን እንኳን ልናስቆም፣ ማየትም አልፈለግንም።

የመሥሪያ ቤታችንን ደንብ ታውቃላችሁ። የቆዳ ፋብሪካውን ከመፈተሻችን በፊት፣ “በዚህ ቀን እንመጣለን” ብለን እንጽፍላቸዋለን። እነሱም በዚያ ቀን ቱቦውን ዘግተው፣ ግቢውን ጠርገው፣ ለስላሳ ደርድረው ይቀበሉናል። ጋሼ ግን ሐሙስ የተባለውን ረቡዕ ይሄዳል። ስሙም የወጣለት ለዚሁ ነው።

“ጋሼ፣ ቀጠሯችሁ እኮ ነገ ነው!” ይለዋል ዘበኛው።

“ውይ፣ እርጅና! በል እንግዲህ፣ ከመጣሁ አይቀር አንድ ጠርሙስ ቀድቼ ልመለስ።”

ይሄ እርጅና የያዘው ገና ጸጉሩ ጥቁር ሳለ ነው።

የቀዳውን ደግሞ የት ነበር የሚያስቀምጠው? ምሳችን ያለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ! ሒሳብ ሹሟ አንድ ቀን ከወተቷ ጎን ጠርሙስ አግኝታ፣ “ይሄ ሻይ የማነው?” አለች። “የፋብሪካው ነው፤ ምንም አይልም ብለዋል፣ ቅመሺው” አላት። እስካሁን ምሳዋን መሳቢያ ውስጥ ነው የምትቆልፈው። እትዬ ባለቤቱም ይኸው አሉ፣ ይመስክሩ፤ ያ ፍሳሽ የሚረግጥበት ቦት ጫማው ከደጃፍ አልፎ አያውቅም። “አንዳንዴ እሱንም ከነቦቱ ደጅ ላሳድረው ያምረኛል” ብለውኛል።

ሳቃችሁ? እኔ ግን ዛሬ አንጀቴ አርሯል።

ጋሼ ቀን ተሳስቶ የቀዳውን ውሃ የምመረምረው እኔ ነኝ። ያ ውሃ ከፋብሪካው በታች ያሉትን አትክልት ተካይ ሴቶች ጎመን አቃጥሏል፤ የልጆቻቸውን እግር አቁስሏል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁላችንም እናውቃለን። ስብሰባ ላይ ይሄ ሲነሳ፣ “ፋብሪካው የሥራ ዕድል ፈጥሯል” ተባለ። ጋሼ ብድግ ብሎ፣ “እሺ፣ ጎመን መትከልስ ሥራ አይደለም? እነዚያ ሴቶች ምን ሲያደርጉ ነው ጀርባቸው የጎበጠው?” አለ። ሰብሳቢው “ቀጣይ አጀንዳ” አለ፤ እኛም ወረቀታችንን ገለበጥን። ከቆዳው ጫማ ተሠርቶ ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ ግማቱንና ቁስሉን እኛው ዘንድ ጥለውት፣ አመስግኑ ይሉናል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛስ ነቅዟል!

አትክልተኞቹ ፋብሪካውን ከሰሱ። ጋሼን ምስክር አድርገው ቆጠሩት። ይሄ መሥሪያ ቤት ምን አለ? “ሠራተኛችን ያለ ፈቃዳችን ቃል አይሰጥም።” ፈቃድ ሲለምን ከረመ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ለሌሎች ተቆጣጣሪዎች የአገልግሎት ዘመን ሲራዘም፣ የእሱ ሲሆን ዕድሜ ታወሰ። ይባስ ብሎ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኬክ እዩት። “ከፋብሪካው ማኔጅመንት፣ መልካም ዕረፍት” ይላል። ማነው ያስገባው? እኔ በበኩሌ ቢላ አላነሣበትም። አለቃዬ፣ አይቆጡ፤ ወይም ይቆጡ። ነገ እኔንም ከላቦራቶሪው ሊያነሡኝ ይችሉ ይሆናል። ያንሡኝ።

ጋሼ፣ ቀና በል፤ አንተ አይደለህም ማፈር ያለብህ። እንዴት እንደማመሰግንህ አላውቅበትም። እኔ ቁጥር ጽፌ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ አንተ ቁጥሩን ይዘህ እነዚያ ሴቶች ደጃፍ ቁጭ ትል ነበር። “ከዚህ ጉድጓድ ለሕፃን አታጠጡ፣ ከዚያኛው ቅዱ” እያልክ በየቤቱ ዞረሃል። ማንም አላዘዘህም። ደመወዝህ ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ እድገትህ ግን በዚያው ሰበብ ቀርቶብሃል። እኛ ጓደኞችህ ደግሞ በኮሪደር እያደነቅንህ በስብሰባ ተለጎምን። ይቅር በለን። እወድሃለሁ፣ ጋሼ፤ ሁላችንም እንወድሃለን።

አሁን ብርጭቆ ይነሣ። ግን አለቃዬ፣ ከመጠጣታችን በፊት አንድ የዘነጉት ነገር አለ። የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ የሚጠይቀው ሠራተኛ ነው። ጋሼ ደግሞ ከነገ ጀምሮ የማንም ሠራተኛ አይደለም፤ ያሰናበቱት ራስዎ ነዎት። ችሎቱ ሰኞ ነው። አትክልተኞቹም ያውና፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ነኝ የጠራኋቸው።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ጋሼ። ለእትዬ የሰላም እንቅልፍ፣ ለአንተ ፍርድ ቤት የሚደርስ ድምፅ ይስጥ። ለጋሼ!

አለቃዬ፣ ምነው? ብርጭቆዎን ያንሡ እንጂ።