የአንዲት ቃል አንድምታ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወጣው አውቶቡስ፣ ከፊቴ ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ የመጽሐፍ መምህርና አንዲት ወጣት ነርስ ተቀምጠው ነበር። ዳባትን እንዳለፍን መምህሩ አላስችል አላቸው።

«ልጄን ጣሉብኝ!»

«በምን አባቴ?»

«በእንግሊዝኛ ፈተና ነዋ! በሕፃንነቱ ኩባ ወስደው በስፓኒሽ አስተማሩት። ተመርቆ ቢመጣ፣ እንግሊዝኛ ካላለፍህ ሥራ የለም አሉት።»

«ከብዶት ነው?»

«ምን ይከብደዋል! ‹ጌት› ማለት በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምንድን ነው አሉት። አንድም ማግኘት፣ አንድም መድረስ፣ አንድም መረዳት፣ አንድም መሆን ነው ብሎ፣ ወረቀቱን ግራና ቀኝ ሞላላቸው። በስፓኒሽ ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ቃል አለው፤ ከዚያ ጋር እያስተያየ ስንት ወር ለፋበት! እነሱ በቀይ እስክርቢቶ ሰርዘው ዜሮ ሰጡት።»

«አባቴ፣ የፈለጉት እኮ አንዱን ብቻ ነው።»

«አንዱን ብቻ ያወቀማ ምኑን አወቀው? እኛ ዘንድ አንዱን ብሎ ዝም ያለ ተማሪ ይገሠጻል እንጂ አያልፍም!»

«እንዲህ ብለህ መልስ ያለው ማን ነው?»

መምህሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እኔ ነኝ። አንዲቷንም እንዳታስቀር ብዬ ያስጠናሁት እኔው ነኝ።»

«ድጋሚ ይፈተን የለ?»

«ሰኞ ይፈተናል። ታዲያ አሁን ምን ልበለው? የምታውቀውን ደብቅ ብዬ ልምከረው?»

እኔ ቀዩን እስክርቢቶዬን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።